ከቀሪ መዝገቡ ይጀመራል፦ ለድሬዳዋ አሠሪዎች የሕፃናት ማቆያ አደረጃጀት መመሪያ

በድሬዳዋ የሥራ ቀን የሚጀምረው ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በሳቢያን፣ በገንደ ቆሬ እና በአዲስ ከተማ መንገድ ዳር ቆመው ሰርቪስ ከሚጠብቁት ሴቶች መካከል ብዙዎቹ ሕፃን ልጃቸውን ለአንድ ሰው አደራ ብለው የወጡ ናቸው። አደራ የተቀበለችው አያት፣ ጎረቤት ወይም በዚያ ሰዓት ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ የነበረባት ታላቅ እኅት ልትሆን ትችላለች። አደራ ተቀባይዋ የታመመች ቀን እናትየዋ ከሥራ ትቀራለች፤ እናትየዋ የቀረች ቀን የስፌት መስመሩ ወይም የሆቴሉ ወጥ ቤት ይጎድላል። ይህ ጉድለት በየድርጅቱ የቀሪ መዝገብ ላይ «የግል ጉዳይ» ተብሎ ተጽፎ ስለሚያልፍ፣ አሠሪው የሚከፍለውን ዋጋ ሳያውቀው ዓመታት ይቆጠራሉ።

ይህን የምጽፈው በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ሆኜ ካየሁት በመነሣት ነው። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ድርጅት ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች በሁለተኛ ሳምንቷ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጡቷ ሞልቶ ጋዋኗን ስላራሰው ማሽኗን ትታ ወደ መጋዘን ገባች፤ በካርቶን ክምር ጀርባ ተንበርክካ ወተቱን በጨርቅ ላይ አለበችው። ልጇ በዚያው ሰዓት ከተማው ማዶ የላም ወተት በጡጦ ይጠጣ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ከመስመር የተለየችበትን ጊዜ አስመዘገበ፤ ቅጣቱን በመዝገብ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። በወሩ መጨረሻ ሥራዋን ለቀቀች፤ በቦታዋ የተተካችውን ልጅ ለማሠልጠን ስንት ወር እንደፈጀ አስታውሳለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉ የሚተወውን ክፍተት ማወቅ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 የሥራ ቀናት፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀናት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ፋብሪካ 90 የሥራ ቀናት ማለት 15 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ እናትየዋ ወደ ማሽኗ ስትመለስ ሕፃኑ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ይሆነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ሁለት ወር ተኩል ያህል ጊዜ ብዙ እናቶች ሥራ የሚለቁበት ጊዜ ነው፤ አሠሪው በቅድሚያ ሊደርስላቸው የሚገባውም በዚሁ ጊዜ ይመስለኛል።

አዋጁ የግል አሠሪ ማቆያ እንዲከፍት አያስገድድም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። የግል ድርጅት በሕግ ባይገደድም በኅብረት ስምምነት ራሱን ሊያስገድድ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት የማቆያውን ጉዳይ በስምምነቱ ውስጥ ማስገባት፣ ሥራ አስኪያጅ በተቀየረ ቁጥር አገልግሎቱ እንዳይታጠፍ ዋስትና ይሆናል።

በሌሎች አገሮች የታየ አንድ ስሕተት ግን ልብ ሊባል ይገባል። በቺሊ ሕጉ 20 እና ከዚያ በላይ ሴት ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ማቆያ እንዲያቀርብ ስለሚያስገድድ፣ ግዴታው የተቆጠረው በሴቶች ብቻ ሆነ፤ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናትም በእነዚህ ድርጅቶች አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች መነሻ ደመወዝ ዝቅ ብሎ አገኙት። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሻሻለችው ሕግ ግዴታውን 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ፣ የሠራተኛው ፆታ ሳይለይ አደረገችው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ማቆያው ለእናቶችም ለአባቶችም ልጆች ክፍት ይሁን፤ የምዝገባ ቅጹም «የሠራተኛ ልጅ» ይበል። የፎርክሊፍት ሾፌሩ ልጁን ይዞ መምጣት ከቻለ፣ ሚስቱ ታይዋን ገበያ ውስጥ ያለችውን ሱቅ መክፈት ትችላለች።

ሒሳቡን በትክክል መሥራት

ያለፉትን 12 ወራት የቀሪና የማርፈድ መዝገብ ያውጡ። ከ4 ዓመት በታች ልጅ ያላቸውን ሠራተኞች ለይተው፣ ሥራ ያጓደሉባቸውን ቀናት፣ ያረፈዱባቸውን ሰዓታትና ሥራ የለቀቁትን ቁጥር ለየብቻ ይደምሩ። ከዚያም እናቶቹንና አባቶቹን በአነስተኛ ቡድን አስቀምጠው ይጠይቁ፤ ሱፐርቫይዘር በሌለበት ቢሆን ይመረጣል። ጥያቄው «ማቆያ ቢከፈት ትፈልጋላችሁ?» ከሆነ ሁሉም አዎ ይላል፤ ምንም አያስረዳም። ይልቁንም ልጁ አሁን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ለዚያ ስንት እንደሚከፈል፣ ባለፈው ወር በልጅ ምክንያት ስንት ቀን እንደቀሩ ይጠየቁ። አማርኛ የማይቀናቸውን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በድሬ ይህን የሚያደርግ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የሚከተለው ስሌት ለምሳሌ ብቻ የቀረበ ነው፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ቁጥር ይተካበት። 15 ወላጆች በወር በአማካይ 3 ቀን ይቀራሉ ብንል 45 የሥራ ቀን ይባክናል። የወር ደመወዛቸው 6,000 ብር፣ የወሩ የሥራ ቀን 26 ቢሆን የ45 ቀኑ ደመወዝ ወደ 10,400 ብር ይመጣል። ለ15 ሕፃናት አንዲት ኃላፊና አራት ሞግዚቶች በ6,000 ብር ቢቀጠሩ 30,000፣ ለምግብና ለሳሙና 12,000፣ ለውኃ፣ ለመብራት፣ ለጽዳትና ለጥገና 8,000፣ በድምሩ በወር 50,000 ብር ይወጣል። ብዙ አሠሪ 10,400ን ከ50,000 ጋር አስተያይቶ መዝገቡን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱ ግን ገና አላለቀም። የቀረች ሠራተኛ የምታጎድለው በማሽኗ ላይ ሊመረት ይችል የነበረውን ነው፤ ደመወዟ የዚያ ትንሹ ክፍል ነው። አንድ ማሽን በቀን የሚጨምረው ዋጋ፣ ጥሬ ዕቃው ተቀንሶ፣ 700 ብር ቢሆን በ45 ቀን 31,500 ብር ይጎድላል። ጉድለቱን በትርፍ ሰዓት እንሸፍነዋለን የሚል አሠሪ በአዋጁ መሠረት የቀኑን ትርፍ ሰዓት በ1.5 እጥፍ እንደሚከፍል፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንደማይበልጥ ያስታውስ። በዓመት ከ15ቱ አምስቱ ቢለቁና ምትካቸው ለሦስት ወር በግማሽ አቅም ብትሠራ፣ ያለምርት የሚከፈለው ደመወዝ 45,000 ብር፣ በወር ሲካፈል 3,750 ብር ነው። ወላጆች በወር 600 ብር ቢያዋጡ 9,000 ብር ይገኛል። ሦስቱ ሲደመሩ 44,250 ብር ይሆናሉ፤ ከ50,000ው 5,750 ብር ሳይሸፈን ይቀራል። ማቆያው ቀሪን ሁሉ ስለማያስቀር፣ የታመመ ሕፃን ቤት መዋሉም ስለማይቀር፣ ጉድለቱ በእውነቱ ከዚህ ይሰፋል። ይህን ከአለቆቻችሁ ደብቃችሁ «ወዲያውኑ ያተርፋል» ብላችሁ አታስጸድቁ፤ በሦስተኛው ወር ሒሳብ ሲመረመር የመጀመሪያው የሚዘጋ ክፍል ይሆናል። የሚያዋጣው የሠለጠነች ሠራተኛ ለዓመታት ስትቆይ፣ የመስመር ኃላፊም እስክትሆን ድረስ ስታድግ ነው፤ በጀቱም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጽደቅ።

ለየድርጅቱ የሚስማማው ዓይነት

ለሁሉም አንድ ዓይነት መፍትሔ የለም። ስድስት ሠራተኛ ላለው የከዚራ ካፌ የራሱ ማቆያ መክፈት አይታሰብም። እንዲህ ላለ አሠሪ፣ በሠፈሩ ካለ ፈቃድ ያለው ማቆያ ጋር ተዋውሎ የክፍያውን ግማሽ መሸፈን፣ ወይም የአጥቢ እናትን የሥራ ሰዓት ማስተካከል ይበቃል። እናትየዋ ቤቷ ቅርብ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ፣ ከተማው በሙቀት ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሄዳ አጥብታ እንድትመለስ መፍቀድ ብዙም ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ ይህን እንኳ የማያደርግ አሠሪ መኖሩ ያሳዝናል።

በኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ወይም ጎን ለጎን በተሠሩ መጋዘኖች ውስጥ ላሉ ድርጅቶች የጋራ ማቆያ ይሻላል። ሦስት ድርጅቶች ተባብረው 40 ሕፃናት የሚይዝ አንድ ቤት ቢከፍቱ፣ የኃላፊዋ ደመወዝ፣ የፍሪጁና የጄኔሬተሩ ወጪ ይካፈላል። በስምምነታቸው ላይ መጻፍ ያለበት ዋናው ነገር አንዱ ድርጅት ሲወጣ የእርሱ ልጆች ምን ይሆናሉ የሚለው ነው፤ ብዙ ሽርክና የሚፈርሰው ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው።

ማቆያው ለቤት ይቅረብ ወይስ ለሥራ የሚለው ጥያቄ እንደ ልጁ ዕድሜ መመለስ አለበት። የሚጠባ ሕፃን እናቱ በአምስት ደቂቃ እርምጃ የምትደርስበት ቦታ መሆን ይገባዋል። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ግን በጠባብ ሰርቪስ ውስጥ፣ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ አቧራና ሙቀት ጠዋት ማታ ከሚመላለስ፣ ሠፈሩ ውስጥ ቢውል ይሻለዋል። ሕፃናት በሠራተኛ ሰርቪስ የሚሄዱ ከሆነ ለእናቶች የፊት ወንበሮች ይለዩ፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ባለበት መኪና ሕፃን አይጫን።

የፈረቃ ሥራ ላለበት ድርጅት አንድ የቆየ ምሳሌ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በአሜሪካ ኦሪገን ፖርትላንድ የነበሩት የካይዘር መርከብ ማምረቻዎች የሕፃናት ማዕከሎቻቸውን በግቢያቸው በር ላይ ሠርተው 24 ሰዓት ያስተናግዱ ነበር፤ እናቶች ከፈረቃ ሲወጡ ለቤት የሚሆን የበሰለ ምግብ ገዝተው ይሄዱም ነበር። ማዕከሉ የተቀረጸው በእናቶቹ ፈረቃ ልክ ነው። እኛም ፈረቃው ከንጋቱ 1 ሰዓት የሚገባ ከሆነ ማቆያው 12 ሰዓት ተኩል መከፈት አለበት። በቢሮ ሰዓት 2 ሰዓት ተኩል የሚከፈት ማቆያ ለፋብሪካ ሠራተኛ አልተከፈተም ማለት ነው።

ቤቱና አየሩ

የድሬዳዋ ማቆያ በመጀመሪያ ማሸነፍ ያለበት ሙቀትን ነው። ክፍሉ ምድር ቤት፣ ከጄኔሬተር ጭስ፣ ከቦይለርና ከጥጥ ብናኝ የራቀ ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ኮርኒስ ያስፈልገዋል፤ መስኮቶቹ በሁለት ወገን ተከፍተው ነፋስ ያሳልፉ፤ ቬንትሌተሩ ልጆች የማይደርሱበት ጣሪያ ላይ ይሰቀል። ከተቻለ ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ የማትመታው ክፍል ይመረጥ። ክፍሉን ከመምረጥዎ በፊት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ገብተው ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡበት፤ እርስዎ ያልቻሉትን ሕፃን አይችለውም።

ቀጥሎ ውኃ ነው። በየቤቱ እንደምናደርገው ማቆያውም በርሜልና ሮቶ ሞልቶ ማቆየቱ አይቀርም፤ አደጋው ያለውም እዚያ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬዳዋን የመታው የደንጊ ትኩሳትና በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማውን ያስተኛው ቺኩንጉንያ የሚተላለፉት በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ውስጥ በምትራባ ትንኝ ነው፤ ይህች ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው። በቅርብ ዓመታት በከተማው የታየችው አዲስ የወባ ትንኝም በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ማቆያ ውስጥ ሕፃናት በቀን ይተኛሉና የቀን እንቅልፋቸው በአጎበር ውስጥ ይሁን። እያንዳንዱ የውኃ ዕቃ ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ በሳምንት አንድ ቀን ተደፍቶ ውስጡ ይፈግፈግ፤ መስኮቶቹ ወንፊት ይልበሱ። ይህን ሥራ ለአንዲት ሠራተኛ በስም መስጠት ያስፈልጋል፤ የሁሉም የተባለ ሥራ የማንም አይሆንም።

የጡት ወተት አያያዝ በእኛ አየር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ የሚቆየው እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ነው፤ የድሬ ቀትር ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ወተቱ እንደታለበ የልጁ ስምና ሰዓቱ ተጽፎበት ፍሪጅ ይግባ፤ ከ4 ቀን በላይ አይቆይ፤ መብራት ሲጠፋ በረዶ የያዘ የማቀዝቀዣ ሳጥን ዝግጁ ይሁን። ለማለቢያና ለማጥቢያ የሚሆን በሩ የሚዘጋ አነስተኛ ክፍል፣ ሁለት መደገፊያ ያላቸው ወንበሮችና የእጅ መታጠቢያ ይበቃል። ማቆያ ለመክፈት አቅም የሌለው ድርጅት እንኳ ይህን ክፍል በአንድ ሳምንት ማዘጋጀት ይችላል።

አንድ ልማድ ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። ሙቀቱ ሲበረታ ደግ አሳቢ ሰው ሁሉ «ጉሮሮው ደረቀ፣ ውኃ ጠብ አድርጉለት» ይላል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን በድሬ ሙቀትም ቢሆን የጡት ወተት በቂ ነው፤ ውኃው ግን ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል። ይህን ለሞግዚቶች ብቻ ሳይሆን ለአያቶችም በአክብሮት ማስረዳት ይገባል፤ በብዙ ቤት የመጨረሻው ቃል የእነርሱ ነውና።

ሞግዚቶች

ክፍሉን አስውቦ ሞግዚት ላይ መቆጠብ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት አንዲት ሞግዚት ከሦስት ወይም ከአራት በላይ አትያዝ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላሉት ከአምስት ወይም ከስድስት ባይበልጡ ይሻላል። በማንኛውም ሰዓት ሁለት አዋቂዎች በክፍሉ ይገኙ፤ አንዷ ሞግዚት ብቻዋን ከሕፃናት ጋር የምትሆንበት ሰዓት አይኑር። ደመወዛቸው ከጽዳት ሠራተኛ ጋር ሳይሆን ከሠለጠነ የማሽን ሠራተኛ ጋር ይነጻጸር፤ ሕፃን በየወሩ ፊት ሲለዋወጥበት ይታወካልና የሞግዚት መልቀቅ ከሰፊ መልቀቅ የበለጠ ይጎዳል። ከመቀጠራቸው በፊት የጤና ምርመራ፣ ዋስ እና ቀድሞ ከሠሩበት ቦታ ማጣሪያ ይጠየቅ፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናም ይውሰዱ። ከመካከላቸው ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገሩ መኖራቸው የግድ ነው፤ የሚያለቅስ ልጅ የሚጽናናው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ለእያንዳንዱ ሕፃን የክትባት ካርድ ቅጂ፣ የሚወስዱት ሰዎች ስምና ፎቶ፣ የማይስማማው ምግብ የተጻፈበት ፋይል ይያዝ። ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ስለሆነ፣ ለእነዚያ ቀናት ወላጅ ሰዓት ፈቃድ እንዲያገኝ አስቀድሞ በሥራ መርሐ ግብር ላይ ይግባ። ትኩሳት ያለው ወይም የሚያስቀምጠው ልጅ በር ላይ ይመለስ፤ ሞግዚት በራሷ ፈቃድ መድኃኒት አትስጥ። ፈቃድና ቁጥጥርን በተመለከተ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን የያዘውን የከተማውን ቢሮና የጤና ቢሮውን ቤቱ ከመጠገኑ በፊት ማነጋገር ይሻላል፤ በር ከተሠራ በኋላ ወደ ሌላ ወገን ዙሩት ከሚባል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በመጀመሪያው ቀን 15 ሕፃናት በአንድ ጊዜ አይግቡ። በሳምንት አራት አራት እየተቀበሉ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያው ቀን እናቱ ወይም አባቱ አብረው ለሁለት ሰዓት ይቆዩ፤ በሁለተኛው ቀን ለአንድ ሰዓት ወጥተው ይመለሱ፤ በሦስተኛው ግማሽ ቀን፣ በአራተኛው ሙሉ ቀን ይሁን። ለእነዚህ ሦስት ቀናት የጎደለው የወላጅ ሰዓት ከደመወዝ አይቆረጥ። የማጥቢያ ዕረፍት በሱፐርቫይዘሩ መልካም ፈቃድ እንዳይወሰን፣ ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 25 ደቂቃ ተብሎ በጽሑፍ ይውጣ፤ በዚያ ሰዓት በመስመሩ የምትተካ ተቀያሪ ሠራተኛም ከወዲሁ ትመደብ። ተቀያሪ ካልተመደበ እናትየዋ ሥራው በጓደኞቿ ላይ ሲከመር እያየች መሄድ ይከብዳታል፤ መብቱ በወረቀት ላይ እያለ ሳትጠቀምበት ትቀራለች።

በስድስተኛው ወር ያንኑ የቀሪ መዝገብ እንደገና ይክፈቱ። ማቆያውን የሚጠቀሙትን ወላጆች ካለፈው ዓመት የራሳቸው መዝገብ ጋር ያስተያዩ፤ ልጃቸውን ያላስመዘገቡትንም ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱ መዋጮው ከበደን ከሆነ ክፍያው በደመወዝ ልክ ይደልደል፤ ሰዓቱ አልተመቸንም ከሆነ የመክፈቻ ሰዓቱ ይቀየር፤ ሞግዚቷን አላመንናትም ከሆነ ወላጆች በየወሩ አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ምሳ እንዲበሉ ይጋበዙ። ማቆያውን ለመዝጋት የሚያስገድድ ነገር ቢመጣ ደግሞ ወላጆች የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጣቸው በመጀመሪያው የምዝገባ ቅጽ ላይ ተጽፎ፣ በድርጅቱ ማኅተም ተረጋግጦ፣ አንዱ ቅጂ በእጃቸው ይሁን።